ወራጅ አለ

ሁለት መቶ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ፣
እኔ በቀኝ እግሬ ነው የማውቀው፣ በነዳጅ ፔዳሉ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስረግጠው ኖሬ
ዛሬም አልጋ ላይ ሆኜ ፍሬን ይይዛል እግሬ።

ከጥቁር ውኃ ወጥቼ ሻሸመኔን ሳልፍ
ሐይቁ ከኋላዬ ገና አልነቃም ከእንቅልፍ፤
ነገሌ ላይ ብርዱ፣ ላንጋኖ ላይ ወበቁ፣
መቂ ላይ ቲማቲሞች ከሣጥን ወጥተው ሲሥቁ፤
አምስት ሰዓት ይላል ሰው፤ እኔ ሰባትም አውቃለሁ፣
ጎማ የፈነዳ ለታ ዘጠኝም ቆጥሬያለሁ።

ልጄ ወሰንየለሽ አዲስ አበባ ወልዳ፣
"ወገብህ ታሟል አባባ፣ በመኪናስ አትጎዳ"
ብላ ትኬት ላከች፤ ደርሶ መልስ፣ የተከፈለ፤
የጎረቤት ልጅ አነበበው፦ "አርባ አምስት ደቂቃ" አለ።

አርባ አምስት ደቂቃ!
በአርባ አምስት ደቂቃ እኔ፣ መናኸሪያ ቆሜ፣
"አንድ ሰው ነው የቀረው!" እያልኩ በሙሉ አቅሜ፣
ስምል ስገዘት፣
ገና የሚቀሩኝ ስድስት።

ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ገዝቼ ለአራስ
በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሹራብ ደግሜ፣ ኤርፖርት ስደርስ
"ቀበቶህን ፍታ" አሉኝ፤ ፈታሁ፤
ሱሪዬን በእጄ ይዤ እንደ ሌባ ገባሁ፤
ወንበሬ ላይ ስቀመጥ "ቀበቶህን እሰር" አለችኝ አንዷ።
ኧረ አንዱን ወስኑ! ትራፊክ እንኳ እንዲህ አላመላለሰኝም።

ተነሣን። ታቦር እንደ ተኛ ጥጃ ጉልበቱን አጥፎ ቀረ፣
ሐይቁ ሰሐን አከለ፣ ከተማው ተሰወረ።
ከመስኮቱ ተጣብቄ መንገዴን ፈለግኩ፦
ግራጫ ክር፣ ከጨርቅ ጠርዝ የተመዘዘ።
ይሄ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ይሄ ነው?
ደመና መጣና እሱንም ጋረደው።

ከቡልቡላ ወዲያ፣ ዝዋይ ሳይደርሱ፣
አንዲት ግራር አለች፣ ወደ ምሥራቅ የዘመመች።
እዚያ ነው ዱካሞ የወደቀው፤
ረዳቴ፣ የይርጋለም ልጅ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ።
ሊነጋጋ ሲል የአህያ ጋሪ ገባብኝ፣
መሪ ጠመዘዝኩ፤ እሱ በሩ ላይ ነበር።
ቆርቆሮውን ሁለቴ ሲመታ "ሂድ" ማለቱ ነው፣
አንዴ ሲመታ "ወራጅ አለ"።
ያን ቀን አንዴ ብቻ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ግራሯ ጋ ስደርስ
ሁለቴ ክላክስ አደርጋለሁ። ሂድ፣ ሂድ።
ተሳፋሪው "ምን አየህ?" ይለኛል።
"አህያ" እላለሁ።
መንገዱ ባዶ ነው።

አሁን ግን ነጭ በነጭ ውስጥ
ከሥሬ ትሁን ግራሯ፣ ትለፍ፣ በምን ልወቅ?
እጄ ክላክስ ፈለገ፤ ከራሴ በላይ ቁልፍ አገኘ፤
ሁለቴ ተጫንኩት።
"ድን" አለ፣ አንዴ ብቻ፤
ሁለተኛው አጠፋው።

አስተናጋጇ መጣች፣ "ምን ልታዘዝ አባቴ?" አለች፤
ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ቃሏ ከአፌ አመለጠች፦
"ወራጅ አለ።"
ከፊትም ከኋላም ሣቁ፤ እሷም ሣቀች፤
"እዚህ ወራጅ የለም፣ ውኃ ግን አለ" አለች።
ውኃውን ሳልጨርስ መሬት ነካን።

ከቦሌ አየር ጤና ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ዓሣው ሸተተ፤
ሕፃኑ ግን እሰይ፣ ጡጫውን እንደ ረዳት ጨብጦ ይተኛል።

በሰባተኛው ቀን ንጋት፣ ትኬቱን ኪሴ ውስጥ አጥፌ
ቃሊቲ መናኸሪያ ሄድኩ።
ሾፌሩ ጎረምሳ ነው፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፤
ከኋላው ተቀመጥኩ። ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣
ወገቤ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ።
ግራሯ ከሩቅ ብቅ ስትል ትከሻውን ነካሁት፦
"ሁለቴ ክላክስ አድርግልኝ።"
"ምን አየህ ፋዘር?"
"አህያ።"
አደረገ።

ጥቁር ውኃ ስንገባ ስልኬ ጮኸ፤ ወሰንየለሽ ናት፦
"ከጧት ጀምሮ! የአርባ አምስት ደቂቃ መንገድ! የት ጠፍተህ ነው?"
የሐይቁ ነፋስ በመስኮት ገባ፣ እግሬ አብጧል።
"መንገድ ላይ" አልኳት፣
"ሰው እያወረድኩ።"